ያልያዘው ፊልም

ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ቆማችሁ «ፎቶ አንሺው ይርጋ የት ነው?» ብትሉ ብዙው ሰው አላውቅም ይላችኋል። «ይርጋ ባዶ» ካላችሁ ግን ጫማ የሚጠርገው ሁሉ ተነስቶ በእጁ ያሳያችኋል። ለዚህ ስም ምክንያት የሆነችው አንዲት ሴት ናት፤ ያወጣው ከተማው ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ተሰደቡበት፤ ሚስቱ ፍቅርተም «የባዶ ሚስት» እየተባለች አረጀች። ዛሬ ፎቶ ቤቱን የያዘችው ልጁ ትዕግሥት ናት። ኮምፒዩተርና ማተሚያ አስገብታ የተማሪ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። እሱ ወንበር አውጥቶ በሩ ላይ ይቀመጣል። ደንበኛ ሲበዛ «አባዬ፣ ትንሽ ወዲያ» ትለዋለች፤ ወንበሩን ይዞ ወዲያ ይላል።

ስለ ድሮ ካሜራ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ግን ዓይኑ ይበራል። ሥራውን ያስተማረው ዘውዱ የሚባል ከጎንደር የመጣ ሰው ነበር። ዘውዱ በሦስት እግር የሚቆም የእንጨት ካሜራ ነበረው፤ ሣጥን ነው ማለት ይቀላል። ከፊቱ ሌንስ፣ ከኋላው እጅ የሚገባበት ጥቁር የጨርቅ እጅጌ አለው። ወረቀቱም፣ የሚታጠብበት ኬሚካልም እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ነው። ዘውዱ የሌንሱን ክዳን ያነሳል፣ በልቡ ይቆጥራል፣ መልሶ ይከድናል፤ ከዚያ እጁን በእጅጌው አስገብቶ በዳበሳ ወረቀቱን ያጥባል። መጀመሪያ የሚወጣው ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ የሆነ የተገለበጠ ምስል ነው። ያንን ሣጥኑ ፊት ለጥፎ እንደገና ሲያነሳው ሰውየው ወደ መልኩ ይመለሳል።

አንድ ቅዳሜ አንዲት የገጠር ሴት የባሏን የተገለበጠ ምስል አየች። ፀጉሩ ነጭ፣ ፊቱ ከሰል፣ ዓይኑ ነጭ ጉድጓድ ሆኖ ስታየው ጮኻ ሮጠች። ዘውዱ ወረቀቱን ይዞ እየሳቀ ተከተላት፤ ገበያው ሁሉ አብሮት ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ አደረገው፤ ፈሪ የመሰለውን ሰው እየመረጠ ያንኑ ወረቀት ድንገት ፊቱ ላይ ይደቅንበት ነበር።

በይርጋም ላይ ጨካኝ ነበር። ይርጋ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው ያኔ። ወረቀት ካበላሸ ዘውዱ የተበላሸውን ፎቶ በምራቁ አርሶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍና በር ላይ ያቆመዋል። «ከወደቀ ሌላ እለጥፍልሃለሁ» ይለዋል። ይርጋ አንገቱን ሳያነቃንቅ በዚያ በደብረ ታቦር ብርድ ቆሞ ደንበኛው እያየው ሲገባና ሲወጣ ይውላል። ኬሚካሉ ጣቶቹን ሰነጠቃቸው፣ ጥፍሮቹን አጠቆራቸው። እናቱ በሽታ መስሏት ጸበል ወሰደችው። ከጸበሉ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ዘውዱ ሄደ።

«ለምን አልተውኸውም?» ሲሉት፣ «ፊት ሲመጣ አይታችሁ ስለማታውቁ ነው» ይላል። ዘውዱ ኋላ ጨለማ ክፍል ሠርቶ ነበር፤ በቀይ አምፖል ይሠራል። ባዶው ወረቀት ከሳህኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ መጀመሪያ ቅንድብ ይመጣል። ቀጥሎ የዓይን ጉድጓድ፣ የአፍ መስመር፣ በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ከውኃው ሥር ቀና ብሎ ያየሃል። ይርጋ ያንን ለማየት ሲል ስንት ጥፊ እንደቀመሰ አያስታውስም።

ዘውዱ በሳንባ በሽታ ሲሞት ቤቱም ዕቃውም ለይርጋ ቀረ። ዘመኑም ወደ ፊልም ዞሮ ነበር። መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች የሚታይበት ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ያዘ፤ በኋላ በአንገት የሚንጠለጠል የሩሲያ ካሜራ ገዛ። ፊልም ውድ ስለነበር አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ማንሳት የለም። ግድግዳው ላይ አንድ ኮትና አንድ ከረባት ተሰቅሏል፤ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ወንድ ሁሉ እሱን ይለብሳል። «አትተንፍስ!» ሲል ይታፈናል፤ ደም ሥሩ ተገትሮ የወጣ ስንት ሰው አለ።

የካሜራው ነገር አንድ ምሥጢር አለው። ፊልሙ ሲገባ ምላሱን፣ ቀጭኑን ጫፍ ማለት ነው፣ በወዲያኛው ጥቅልል ላይ ማስያዝ ያስፈልጋል። ካልያዘ ካሜራው ይቆጥራል፣ ድምፁም ቀጭ ይላል፣ ፊልሙ ግን ከጎሬው ንቅንቅ አይልም። ያነሳህ ይመስልሃል እንጂ አላነሳህም።

በሰባ ስምንት ጥር ላይ ወይዘሮ ደሳለች የምትባል የጋፋት ሴት ወደ ፎቶ ቤቱ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ጥሩ መሬት ያላት፣ ኩሩ ሴት ናት። አንድ ልጇን አንዱአምላክን ልትድር ነው።

«በሰፈራችን ሠርግ ላይ ፎቶ ያስነሳ ሰው የለም» አለችው። «እኔ ላስነሳ ነው። ልጄን ሲበላም፣ ሲስቅም፣ ሲጨፍርም አንሣልኝ። እስከ ዛሬ አንድም ፎቶ የለውም።»

ይርጋ ሄደ። ዳሱ ሞልቶ ነበር። ጠላውን እንቢ ቢል ደሳለች ራሷ ዋንጫውን ይዛ አጠጣችው፤ አንዱን ሲጨርስ ሌላ ቀዳችለት። ፊልሙን ለማስገባት ከጎተራው ጀርባ ዞረ። እዚያ ሆኖ ካሜራውን ከፍቶ ሳለ «ሙሽሮቹ ወጡ! ፎቶ አንሺው የት አለ?» ሲሉ ሰማ፤ ዘጋና ሮጠ። ያን ቀን እስኪመሽ አነሳ። አንዱአምላክ ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። ሙሽራዋ ጌጤ ከተከናነበችው ሥር አንድ ዓይኗ ብቻ ይታይ ነበር። ደሳለች በልጇና በካሜራው መሃል እየተመላለሰች ነጠላውን ታስተካክል ነበር።

በማግስቱ ይርጋ ጨለማው ክፍል ገብቶ ፊልሙን አጠበ። አውጥቶ ወደ ብርሃን ዘረጋው። እንደ መስኮት መስታወት ጥርት ያለ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሰው፣ አንድ ጥላ የለበትም።

መንገር ነበረበት። አልነገረም። ደሳለች ስትመጣ «ወረቀቱ ከአዲስ አበባ አልደረሰም» አላት። ሌላ ጊዜ ስትመጣም ያንኑ አላት። «ሳይደርስ አይቀርም» ብላ እየሳቀች ተመለሰች። በመሃሉ ሚያዝያ ገባ፤ የገበሬ ማኅበሩ ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች አሰባሰበ፤ አንዱአምላክ በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ። በዓመቱ አንድ እግሩን ጥሎ የተመለሰ ያገሩ ልጅ መርዶውን ይዞ መጣ፤ ኤርትራ በረሃ ውስጥ ወድቋል አለ። ሬሳ አልመጣም፤ ልብሱም፣ መታወቂያውም አልመጣም።

ደሳለች ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ፎቶ ቤቱ ደረሰች።

«ልጄን ስጠኝ» አለች።

ይርጋ ተነሳ። «እትዬ ደሳለች፣ ይቅር ይበሉኝ። ፊልሙ ባዶ ነው።»

«ባዶ ማለት?»

«አልያዘም። አንድም አልወጣም።»

«አሳየኝ።»

አመጣላት። በር ላይ ወጥታ ወደ ፀሐይ አነሳችው፤ ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አየችው። «እዚህ ጋ ሲስቅ ነበር» አለች። «አጠገቡ ቆሜ ነበር እኮ። የት ገባ?» አላለቀሰችም፣ አልረገመችም። ፊልሙን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። ፊልሙን አንገቷ ላይ እንዳደረገች በሩ ላይ ቆመች፤ ሊገባ የመጣውን ሰው ሁሉ ክንዱን ይዛ ታስቆማለች። ፊልሙን ከዓይኑ ፊት ዘርግታ፣ «ልጄ ሲስቅ እየው። ይህ ሰው ነው ያነሳው። ታየህ?» ትለዋለች። መጀመሪያ ሰው አብሯት አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ መሳቅ ጀመረ፤ የቅዳሜ ገበያተኛ «ባዶው ጋ እንሂድና እንይ» እያለ ይመጣ ነበር። ስሙ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ደሳለች ከሳቁትም ጋር አትጣላም፤ ፊልሙን ለእነሱም ትዘረጋላቸዋለች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ገጠሬው ወደ ይርጋ መግባት ተወ። ሙሽራ የሚባል በበሩ አላልፍ አለ፤ ገድ የለውም ተባለ። ቤቱ ውስጥ የሚበላ እየጠፋ ሲሄድ ፍቅርተ አንድ ማታ እንጀራውን አቅርባ ከፊቱ ቆመች።

«ስጣት» አለችው።

«ምን ልስጣት?»

«የሞተባት ወንድ አይደል? ወንድ ስጣት። የፊልም ሣጥንህ ሙሉ ወንድ አይደል እንዴ?»

ይርጋ ሰደባት። በበነጋው ግን የድሮ ፊልሞቹን አውጥቶ እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ማየት ያዘ። ታምራት የሚባል ወጣት አገኘ፤ እብናት እርሻ ቢሮ ሊቀጠር ጉርድ ፎቶ ተነስቶ የሄደ ልጅ ነው። አገጩ የአንዱአምላክን ይመስላል። ቁመናው ካልታየ፣ ቅንድቡም ካልጠራ ይሆናል። ይርጋ ፊቱን ብቻ አሳደገው፤ የማሳደጊያ ማሽኑን ሆን ብሎ አደብዝዞ አተመው፤ የኮቱን ኮሌታ በመቀስ ቆርጦ ጣለው። ፊቱ ከሳህኑ ውስጥ ሲመጣ ዓይኑን ከደነ። በሕይወቱ ፊት ሲመጣ ማየት ያልፈለገው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋፋት ድረስ ይዞላት ሄደ። «ከፊልሙ ጫፍ አንዲት ተገኘች» አላት።

ደሳለች ፎቶውን ይዛ ወደ በሩ ወጣች። ብዙ ጊዜ አየችው።

«ጠይም ነበር እኮ» አለች።

«መብራቱ ነው ያቀላው።»

«ፈዘዘ።»

«ሲንቀሳቀስ ነው የተነሳው፤ ሲስቅ።»

«አዎ» አለች ቀስ ብላ፤ «ሲስቅ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። እንዲህ ነው የሚሆነው። እንዲህ ነው!» ከዚያ ጎንበስ ብላ የይርጋን ጉልበት ሳመች። ሊያነሳት ቢሞክር እንቢ አለችው።

ጌጤ ያን ጊዜ ገና ከአማቷ ቤት አልወጣችም ነበር። ደሳለች ጠርታ አሳየቻት። ጌጤ ፎቶውን አየች፣ ይርጋን አየች። ይርጋ ወደ መሬት አየ። «እሱ ነው» አለች ጌጤ። ወር ሳይሞላ ሌላ ባል አግብታ ሄደች፤ አማቷ መርቃ ሸኘቻት።

ደሳለች ፊልሙን ከአንገቷ አወለቀች፤ ገበያ መቆሙንም ተወች። ሥራው ለይርጋ ተመለሰ፤ ስሙ ብቻ አልለቀቀውም። ፎቶው የጋፋቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ደሳለች በየዓመቱ የሙት ዓመቱን ታወጣለች፤ ቄስ ጠርታ ታስጸልያለች፤ ለይርጋ በየመስቀሉ ማር ትልክለታለች። ማሩን ፍቅርተና ልጆቹ ይበሉታል።

እንዲህ ሆኖ ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። ኮሮና በመጣ በዓመቱ፣ አዲስዓለም የሚባል የደሳለች የወንድሟ የልጅ ልጅ ያንን ፎቶ በስልኩ አነሳና ፌስቡክ ላይ አወጣው። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ደግ ልጅ ነው። «አጎታችን አንዱአምላክ፣ ላገሩ የወደቀ» ብሎ ጻፈበት። ሳምንት ሳይቆይ ከእብናት አንዲት ሴት መለሰችለት። «ይህ አባቴ ነው። ከየት አገኛችሁት?» አለች። ጉርድ ፎቶውን ከነኮቱ፣ ከነከረባቱ ላከችለት። ደግሞ የዛሬውን ላከች፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከልጅ ልጆቹ ጋር የተቀመጠ ሰው።

አዲስዓለም ምንም አላሰበም። እየሮጠ ጋፋት ወጣ። «እማማ! አንዱአምላክ በሕይወት አለ!»

ደሳለች ስልኩን ተቀብላ አየች። ወደቀች። ሲያነሷት የመጀመሪያ ቃሏ «ልብሴን» የሚል ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የለበሰችውን ጥቁር አውልቃ ነጭ ለበሰች። በማግስቱ ከአዲስዓለም ጋር በወረታና በአዲስ ዘመን ዞረው እብናት ገቡ።

ታምራት በሩን ራሱ ከፈተው። ጡረታ የወጣ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው፣ ቃሉን የሚጠነቅቅ ሰው ነበር። አንዲት አሮጊት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ «ልጄ፣ ልጄ» ስትል የሚያደርገውን አጣ።

«እናቴ፣ ተሳስተዋል» አላት በለሆሳስ። «የኔ እናት ሞታለች። እዚሁ ነው የቀበርኳት።»

ደሳለች ክንዷን አላላች። «ሌላ እናት ቀበርህ?» አለችው።

አዲስዓለም ያን ጊዜ ጥርጣሬ ገባው፤ ክንዷን ይዞ ሊያስረዳት ሞከረ። አልሰማችውም። «ከጦር የጠፋ ሰው ስሙን እንደሚቀይር አውቃለሁ» አለችው ታምራትን። «ፈርተህ ነው፤ አልቀየምህም። መሬቱንም ውሰደው፣ ቤቱንም ውሰደው። አንድ ጊዜ እናቴ ሆይ፣ መጣሽ በለኝ፤ እመለሳለሁ።»

መሬት የሚለውን ሲሰሙ የታምራት ልጆች ከቤት ወጡ። ዘመድ ነኝ የሚል ሰው ነገ ከሰው ጋር ሊያካስስ እንደሚችል አሰቡ። ሚስቱ «ምን ትሰማለህ፣ ግባ እንጂ!» ብላ እጁን ጎተተችው። ታምራት አንዲት ቃል ብቻ ነበር የተጠየቀው፤ ውሸት ስለነበረች አልወጣችለትም። የብረቱ በር ተዘጋ። ደሳለች በሩን በጥፍሯ ስትቧጥጥ ጎረቤት ወጥቶ አየ፤ አዲስዓለም ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባት።

ታምራት ያንን ፎቶ የት እንደተነሳው አልረሳም። ለአዲስዓለም ደወለና ነገረው። አዲስዓለም ወደ ይርጋ ሄደ፤ ይርጋ አልካደም። በዚያው ቀን ጋፋት ወጣ።

ደሳለች መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፎቶው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተሰቅሏል።

«እትዬ ደሳለች» አላት፣ «ያ ፎቶ የልጅዎ አይደለም። የሌላ ሰው ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁብዎ።»

«ማን ላከህ? እሱ ነው?»

«ማንም አልላከኝም። አንዱአምላክ ሞቷል። ያ የእብናቱ ሰው...»

«ቆይ» አለችው፤ ድምፅዋ አልጨመረም። «ልጅዎ የለም፣ ባዶ ነው አልኸኝ፤ አመንሁህ። ተገኘ አልኸኝ፤ አመንሁህ። አሁን ደግሞ አይደለም ትለኛለህ። ሦስተኛውን በምን ልመንህ?»

ይርጋ ተንበረከከ፤ ማለ፤ አለቀሰ። ደሳለች እንደ ልብስ ጉድፍ በእጇ ወዲያ አለችው።

ያን ሰሞን የንስሐ አባቷን አስጠራች። «ስሙን ከሙታን ጸሎት አውጡልኝ» አለች። «በሕይወት ያለ ሰው ነው። ሥጋውም ወፍሯል።» ቄሱ ሊያባብሏት ቢሞክሩም አልሰማችም። የዚያን ዓመት ሙት ዓመት አልወጣም። ቀድሞ በረሃ ላይ የወደቀ የሚወዳት ልጅ ነበራት፤ አሁን በር የዘጋባት ልጅ አላት። እህል ከአፏ እየራቀ፣ ነሐሴ ላይ አረፈች። ስትደክም «ለእብናቱ እንዳትነግሩት። አይምጣብኝ» ብላ ነበር።

አዲስዓለም ነገረው። ታምራት ጋቢውን ለብሶ ብቻውን መጣ። ለምን እንደመጣ ራሱም አላወቀም፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ነበር።

ቀብሩ ላይ ሲታይ ሰው ሁሉ ተንሾካሾከ። «ያ ነው። እናቱን የካዳት።» አንዲት ሴት ከእግሩ ሥር ተፋች። ሽማግሌዎቹ መንገድ ከፍተው ወደ ጉድጓዱ አቀረቡት። «አፈር አልብስ» አሉት፤ «ይህን እንኳ አትንፈጋት።»

ይርጋ ከሰው መሃል ወጣ። «ሰውየው ልጇ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ ፎቶውን...»

«አንተ ዝም በል!» አሉት አንድ ሽማግሌ። «ያንተን ስንሰማ ነው የኖርነው።»

ይርጋ ዙሪያውን ሲያይ ጌጤ ከሴቶቹ መሃል ቆማለች፤ አርጅታለች፤ ትልልቅ ልጆቿ አጠገቧ ናቸው። «ጌጤ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ተናገሪ እንጂ» አላት።

ጌጤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ልጆቿን አየች። «እኔ ያኔ ያልሁትን ብያለሁ» አለች።

ታምራት ጎንበስ ብሎ አፈር ዘገነ። እርጥብ ጭቃ ነበር፤ ከመዳፉ አልለቀቅ ብሎት በሌላ እጁ እየጠረገ ጣለው። ከዚያ ማንም ሰላም አላለውም።

ይርጋ ከኋላው እየተከተለ እስከ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ድረስ አብሮት ወረደ። ታምራት ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ይርጋ ውጭ ቆሞ ምን እንደሚል ሲያስብ ታምራት ቀድሞ ተናገረ።

«እኔ ወደ አንተ የመጣሁት ለአንዲት ጉርድ ፎቶ ነበር» አለ። «ትላንት ትንሿ ልጄ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? አባዬ፣ ግን እውነት፣ ውትድርና ሄደህ አታውቅም? አለችኝ።»

ይርጋ አፉን ከፈተ። ታምራት መስኮቱን ዘጋው፤ መኪናው ወደ ወረታ መንገድ ወጣ።